መብራት ያጠፋው የይለፍ ቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩክሬን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ላይ የደረሰው የሳይበር ጥቃት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ፣ በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት የዩክሬን ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች በሳይበር ጥቃት ተመቱ። አንደኛው በአገሪቱ ምዕራብ የኢቫኖ-ፍራንኪቭስክን ክልል የሚያገለግለው ፕሪካርፓትያኦብልኤነርጎ ነው። ሌሎቹ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ላሉ አካባቢዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ኪይቭኦብልኤነርጎ እና በደቡብ ምዕራብ የሚሠራው ቼርኒቭትሲኦብልኤነርጎ ናቸው። 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ ኃይሉም እንደየአካባቢው ከ1 እስከ 6 ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ተመለሰ።

በመጠን ካየነው ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለተጠቃሚው ሳይደርስ የቀረው ኃይል እስከ 73 ሜጋዋት ሰዓት ተገምቷል፤ ይህም ከአገሪቱ የዕለት ፍጆታ 0.015 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ብርቱ ማዕበል ከዚህ የበለጠ ሕዝብ መብራት ሊያሳጣ ይችላል። ያም ሆኖ የሳይበር ጥቃት የሕዝብን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማቋረጡ በይፋ የታመነበት የመጀመሪያው ክስተት በመሆኑ፣ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ድረስ እየተመለሱ ያጠኑታል።

ጉዳዩ በዜና የገነነው ብላክኢነርጂ በተባለው ማልዌር፣ ማለትም ጎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስም ነው። ይህ ስያሜ ሰዎችን የሚያሳስት ይመስለኛል። መብራቱን ያጠፋው ማልዌሩ አይደለም፤ ሰዎች ናቸው። በትክክለኛ የተጠቃሚ ስምና በትክክለኛ የይለፍ ቃል ገብተው፣ ኩባንያዎቹ ለዕለት ሥራቸው በሚገለገሉባቸው በእነዚያው ፕሮግራሞች፣ ማንኛውም ተረኛ ተቆጣጣሪ ሊሰጥ የሚችለውን ትእዛዝ ሰጡ። የማልዌሩ ሥራ በመጀመሪያ በሩን መክፈት፣ በመጨረሻ ደግሞ ዱካን ማጥፋት ነበር። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው መከላከያውን የሚያቆመው ባልሆነ ቦታ ላይ ነው።

ደብዳቤው

ነገሩ የተጀመረው መብራቱ ከመጥፋቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በየትኛውም ቢሮ በየቀኑ በሚደርስ ነገር ነው፤ የዎርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ በተያያዘበት ኢሜይል። ኢሜይሎቹ የተበተኑት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ተቀባዮቹ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎችና የሲስተም አስተዳዳሪዎች ነበሩ። በብላክኢነርጂ ዘመቻዎች ከታዩት ኢሜይሎች መካከል የላኪው አድራሻ ተጭበርብሮ ከዩክሬን ምክር ቤት የመጡ እንዲመስሉ የተደረጉም ይገኙባቸዋል። ከምክር ቤት የመጣ ደብዳቤን ሳይከፍት የሚተው የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኛ ማን ነው?

ሰነዱን መክፈት ብቻውን አደጋ አላስከተለም። ሰነዱ ሲከፈት፣ ይዘቱን በትክክል ለማየት ማክሮ መፍቀድ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያል። ማክሮ በሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሒሳብና የጽሕፈት ሥራን ለማፋጠን ታስቦ የተሠራ ነው። ሠራተኛው የፈቃድ ቁልፉን ሲጫን ፕሮግራሙ ሥራውን ይጀምራል፤ ብላክኢነርጂ 3 በኮምፒውተሩ ላይ ይጫንና ከአጥቂዎቹ ጋር የሚያገናኝ የኋላ በር ይከፈታል።

በዚህ ዘዴ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የኢሜይል አገልግሎቶችን ያጨናነቀው በዎርድ ማክሮ አማካይነት ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን አስቀድሞ የሚያግድ ለውጥ በሥራ ላይ ያዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ርቀት ሳስብ አዝናለሁ። ከ15 ዓመት በላይ በታወቀ ቀዳዳ የገባን ጥቃት የአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሠራተኛው የተጫነው ቁልፍ በፕሮግራሙ ሠሪ የቀረበለት፣ በመደበኛ ሥራም የሚያስፈልገው ቁልፍ ነበር። በዚያ ላይ ተቀባዮቹ ስለ ኮምፒውተር የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ሙያቸው ኮምፒውተር ነበር።

ብላክኢነርጂም ቢሆን እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታወቅ ድረ ገጾችን በጥያቄ ብዛት አጨናንቆ ከአገልግሎት ውጪ ለማድረግ የሚያገለግል መሣሪያ ነበር። እየተሻሻለ ሄዶ ለስለላ ዋለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014፣ ማለትም መብራቱ ከመጥፋቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶችን ደኅንነት የሚከታተለው የአሜሪካ መንግሥት ቡድን ይህ ማልዌር በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች ላይ ማነጣጠሩን በይፋ አስጠንቅቆ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ጊዜው ነበር።

ከቢሮው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ

አጥቂዎቹ በመጀመሪያ የገቡት በቢሮው ኔትዎርክ ውስጥ ነው፤ ኢሜይል በሚነበብበትና ደብዳቤ በሚጻፍበት በኩል። መብራት የሚበራውና የሚጠፋው ግን በዚያ በኩል አይደለም። ለዚህ ስካዳ የሚባለው ሥርዓት አለ። ስካዳ በየማከፋፈያ ጣቢያው ያሉ መሣሪያዎችን ሁኔታ ሰብስቦ ለተቆጣጣሪው በስክሪን ያሳያል፤ ተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ትእዛዝም ወደ ጣቢያው ያደርሳል። ከትእዛዞቹ ዋነኛው ብሬከርን የሚመለከት ነው። ብሬከር የከፍተኛ ኃይል መስመርን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው፤ የማከፋፈያ ጣቢያው ብሬከሮች ከተቋረጡ ከጣቢያው በታች ያለው ሰፈር ሁሉ ይጨልማል።

እዚህ ላይ ለኩባንያዎቹ ሊሰጣቸው የሚገባ ምስጋና አለ። የቢሮው ኔትዎርክና የመቆጣጠሪያው ኔትዎርክ የተለያዩ ነበሩ፤ በመካከላቸውም ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ ጠንካራ ፋየርዎል ቆሞ ነበር። የክንውን መዝገቦችም በሚገባ ይያዙ ስለነበር በኋላ መርማሪዎች የአጥቂዎቹን እርምጃ ተከትለው መልሰው ማቀናበር ችለዋል። ብዙ ሰው ጥቃቱን ሲሰማ ዝርክርክ ኩባንያ እንደተደፈረ አድርጎ ያስባል። እውነታው ያ ስላልሆነ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል።

አጥቂዎቹ ፋየርዎሉን አልሰበሩትም። በቢሮው ኔትዎርክ ውስጥ ለወራት ተቀምጠው የሠራተኞችን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለቀሙ፤ የተጠቃሚዎች መለያ የሚተዳደርባቸውን ሰርቨሮችም ደረሱባቸው። ከተሰበሰቡት የይለፍ ቃሎች መካከል ሠራተኞች ከርቀት ሆነው በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ አማካይነት ወደ ስካዳው ኔትዎርክ የሚገቡባቸው ይገኙ ነበር። በዚያ በኩል ለመግባት ከይለፍ ቃል ሌላ ምንም አይጠየቅም፤ በስልክ የሚላክ ቁጥርም ሆነ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረም። ቁልፍ የያዘን ሰው አጥር አያቆመውም።

በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ከዚህች ነጥብ በላይ የሚከብድ አላገኘሁም። በሦስቱ ኩባንያዎች የነበረው የስርጭት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አጥቂዎቹ ግን በሁሉም ላይ መሥራት ቻሉ። ለዚህም በፕሮግራሞቹ ውስጥ ስውር ጉድለት መፈለግ አላስፈለጋቸውም። የሰለጠነ ተቆጣጣሪ እንደሚያደርገው ማድረግ ብቻ በቂ ነበር፤ ለመሰልጠን ደግሞ ወራት ነበራቸው። ስካዳው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ትእዛዙ ከትክክለኛ መለያ የመጣ መሆኑን እንጂ ከመለያው ጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

በእነዚያ ወራት ሌላም ዝግጅት ነበር። በየማከፋፈያ ጣቢያው ያሉ የቆዩ መሣሪያዎች የሚነጋገሩት ሲሪያል በሚባለው የመገናኛ መስመር ነው። ይህን ከዘመናዊው ኔትዎርክ ጋር የሚያገናኝ፣ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚተረጉም ትንሽ መለወጫ መሣሪያ በየጣቢያው አለ። አጥቂዎቹ ለእነዚህ መለወጫዎች አጥፊ ፈርምዌር አዘጋጁ። ፈርምዌር መሣሪያው እንደ መሣሪያ እንዲሠራ የሚያደርገው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከተበላሸ መሣሪያው ግዑዝ ብረት ይሆናል። ከሌላው ዝግጅት ሁሉ ይልቅ ይህ ስለ ሰዎቹ ማንነት ብዙ ይናገራል። ገንዘብ የሚፈልግ ሌባ የጣቢያ መለወጫ መሣሪያ ሞዴልን እያጠና ወራት አያሳልፍም።

የጥቃቱ ቀን

በፕሪካርፓትያኦብልኤነርጎ መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ ተረኛ ተቆጣጣሪ የሥራ ፈረቃው ሊያበቃ ሲቃረብ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች እየሰበሰበ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው የማውዝ ጠቋሚ ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠቋሚው የአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ብሬከሮች ወደሚታዘዙበት ቦታ ሄዶ መስመሩን የሚያቋርጠውን ትእዛዝ ተጫነ። ፕሮግራሙ እርግጠኛ መሆኑን ሲጠይቅም ማረጋገጫውን ተጫነ። ተቆጣጣሪው ማውዙን ይዞ ጠቋሚውን ለመመለስ ሞከረ፤ አልታዘዝ አለው። ወዲያው ፕሮግራሙ አስወጣው፤ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክር የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ሲቋረጡ ተቀምጦ ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረም።

በሁሉም ቦታ የተሠራው በዚህ መንገድ ብቻ አይደለም። በአንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አጥቂዎቹ የተጠቀሙት ቴክኒሻኖች ከርቀት ለመጠገን የሚገለገሉበትን የርቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው፤ ጠቋሚው በሠራተኛው ዓይን ፊት የሄደው ለዚህ ነው። በሌላው ደግሞ በቪፒኤን በኩል የስካዳውን ፕሮግራም ከራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሆነው ከፈቱ። በኪይቭኦብልኤነርጎ ብቻ 7 ባለ 110 ኪሎቮልት እና 23 ባለ 35 ኪሎቮልት ጣቢያዎች ከመስመር ወጡ።

ብሬከሮቹን ማቋረጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነበር። የተቋረጠ ብሬከር ተመልሶ ሊገናኝ ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። አጥቂዎቹ ይህን ያውቁ ስለነበር መመለሻውን መንገድ ሁሉ ዘጉ። የተዘጋጀውን አጥፊ ፈርምዌር ወደ መለወጫ መሣሪያዎቹ ላኩ፤ በፕሪካርፓትያኦብልኤነርጎ በኩል በ16 ጣቢያዎች ያሉ መሣሪያዎች ከማዕከሉ የሚላክን ትእዛዝ መቀበል አቆሙ። ይህ ጉዳት ኮምፒውተርን አጥፍቶ በማብራት አይጠገንም፤ መሣሪያውን በአዲስ መተካት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጣው ራሳቸው መቆጣጠሪያ ማዕከሎቹ እንዲጨልሙ ማድረግ ነበር። ማንኛውም ማዕከል መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ዩፒኤስ የሚባል መጠባበቂያ የኃይል መሣሪያ አለው። አጥቂዎቹ ዩፒኤሶቹን በኔትዎርክ በኩል አግኝተው አስቀድመው አቀናብረዋቸው ስለነበር፣ ከሦስቱ ማዕከሎች በሁለቱ መጠባበቂያው ኃይል ተቋረጠ። የሌላውን መብራት ለመመለስ የሚጣደፉት ሠራተኞች ራሳቸው በጨለማ ውስጥ ቀሩ።

በዚያው ሰዓት የደንበኞች ጥሪ ማዕከል በሺዎች በሚቆጠሩ የሐሰት ጥሪዎች ተጨናነቀ። ይህ ተራ ማበሳጨት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመቆጣጠሪያ ስክሪኑ በጠፋበት ሰዓት ኩባንያው የትኛው ሰፈር መብራት እንዳጣ የሚያውቀው ደንበኛው ደውሎ ሲነግረው ነው። የስልክ መስመሩ ሲዘጋ ኩባንያው ዓይኑንም ጆሮውንም አጣ፤ ቤቱ የጨለመበት ሰውም ምን እንደሆነ የሚነግረው አጣ።

በመጨረሻ ኪልዲስክ የተባለው ፕሮግራም ተለቀቀ። ኪልዲስክ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበውን የዲስክ ክፍል ያበላሻል፤ የክንውን መዝገቦችን ይሰርዛል፤ ማሽኑም ዳግም አይነሣም። ቢያንስ በአንድ ቦታ በጣቢያው መሣሪያ ውስጥ የተገጠመ የዊንዶውስ ስክሪን ጭምር ተደምስሷል። ያው ፕሮግራም ከጥቂት ወራት በፊት በዩክሬን የአካባቢ ምርጫ ወቅት በመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች ላይ ውሎ ፋይሎችን አውድሟል። ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ የተዘጋጀው ዓይነት ግን ተጨማሪ ትእዛዝ ነበረው። በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮግራም ፈልጎ ያስቆማል፤ ፋይሉንም በዘፈቀደ መረጃ ይሸፍነዋል።

እነዚህን ድርጊቶች አንድ ላይ ስናያቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል መሆኑ ያስገርማል። የይለፍ ቃል መስረቅ፣ ስልክ ማጨናነቅ፣ ዲስክ ማጥፋት በየዕለቱ ግለሰቦችና አነስተኛ ድርጅቶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው። አስፈሪው ቅንብሩ ነው። በሦስት ኩባንያዎች ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ እርምጃ ለሌላው መንገድ እየጠረገ መሄዱ የሚያሳየው ብዙ ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው፣ ደጋግመው አስበውበት የተሰማሩ መሆኑን ነው። መርማሪዎችም ከኮምፒውተር ጥበባቸው ይልቅ ያደነቁት ትዕግሥታቸውንና ቅንጅታቸውን ነው።

መብራቱ እንዴት ተመለሰ

ኩባንያዎቹ ስካዳቸውን ለመጠገን አልጠበቁም። የሚታዘዛቸው ኮምፒውተር እንደሌለ ሲረዱ ሥርዓቱን ወደ በእጅ መቆጣጠሪያ አዞሩ፤ የጥገና ቡድኖችንም በመኪና ወደየጣቢያው ላኩ። ሠራተኞቹ በክረምት ብርድ እየዞሩ ብሬከሮቹን በእጃቸው መልሰው አገናኙ። እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ 225,000 ደንበኛ መብራት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ብዙዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ልዘገይበት እፈልጋለሁ። የኩባንያዎቹ መሣሪያዎች በከፊል የቆዩ ነበሩ፤ በእጅ የሚሠራ ብሬከር ነበራቸው። ከዚህ በላይ ደግሞ ይህን በእጅ መሥራት የሚችሉ፣ የጣቢያዎቹን መንገድና የመስመሮቹን ቅደም ተከተል የሚያውቁ ሠራተኞች ነበሯቸው። ያረጀ መሣሪያ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ የቆየው የሲሪያል መስመርና መለወጫው ራሱ አንዱ የጥቃት በር ነበር። ያዳናቸው ችሎታው አለመጥፋቱ ነው። ብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ ሥርዓታቸውን ሲያዘምኑ የጣቢያ ሠራተኞችን ይቀንሳሉ፤ በእጅ የመሥራት ልምምድም ቀስ በቀስ ይቀራል። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ተመሳሳይ ጥቃት ቢደርስ ጨለማው በሰዓት ሳይሆን በቀናት ሊቆጠር ይችላል የሚለውን ስጋት እጋራለሁ።

መብራቱ ተመለሰ ማለት ግን ኩባንያዎቹ አገገሙ ማለት አልነበረም። ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላም መቆጣጠሪያ ማዕከሎቹ ሙሉ በሙሉ ሥራ አልጀመሩም ነበር፤ ብሬከሮችን ከርቀት ማዘዝ ባለመቻሉ ሠራተኞች በእጃቸው መሥራታቸውን ቀጥለዋል። የጥቃቱ ዋጋ ሲሰላ የሚነገረው የጨለማው ሰዓት ብቻ ነው፤ የእነዚህ ወራት ድካም ግን ከቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ይህ የሚያበሳጨኝ ግድፈት ነው።

ምርመራው ምን አለ

የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ቡድን ወደ ዩክሬን ተጉዞ ጉዳዩን በቅርብ ከሚያውቁ ስድስት ተቋማት ሠራተኞች ጋር ተነጋገረ፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2016 ይፋ አደረገ። ሪፖርቱ በቃላቱ ጥንቁቅ ነው። ቡድኑ የቴክኒክ ማስረጃውን ራሱ እንዳልመረመረ ይናገራል። ሦስቱም ኩባንያዎች ብላክኢነርጂ እንደተገኘባቸው ይገልጻል፤ ማልዌሩ በጥቃቱ የነበረውን ድርሻ ግን በእርግጠኝነት አልተናገረም። የይለፍ ቃል ለመስረቅ የመግቢያ በር ሆኖ ሳያገለግል አልቀረም በሚል ጥርጣሬ ያቆማል። ሌሎች ሦስት ተቋማትም እንደተደፈሩ፣ ሥራቸው ግን እንዳልተስተጓጎለ አክሏል። ዝግጅቱ በዜና ከተነገረው የሰፋ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በማርች 2016 ደግሞ ሮበርት ሊ፣ ማይክል አሳንቴ እና ቲም ኮንዌይ ያዘጋጁት ዝርዝር ትንታኔ ወጣ። ትንታኔው የጥቃቱን ደረጃዎች ከመጀመሪያው ኢሜይል እስከ ኪልዲስክ አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ በየደረጃው አጥቂዎቹን ማየትና ማስቆም ይቻል እንደነበር ያሳያል። ይህ ዋጋ ያለው አመለካከት ነው። ተከላካዩ ኢሜይሉን ማስቆም ካልቻለ ተሸነፈ ማለት አይደለም፤ ከኢሜይሉ እስከ ብሬከሩ ድረስ ስድስት ወር ነበረው።

ከምክሮቹ ውስጥ እኔ የማስቀድመው ከርቀት የሚደረግን መግቢያ የሚመለከተውን ነው። ወደ መቆጣጠሪያ ኔትዎርክ ከርቀት መግባት ግድ ካልሆነ ጨርሶ መዘጋት አለበት፤ ግድ ከሆነም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሊኖረው፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊከፈትና ሲያበቃ ሊዘጋ ይገባል። መረጃን ለማየት ብቻ ለሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ መረጃ ወደ ውጪ የሚያሳልፍ፣ ወደ ውስጥ ግን ምንም የማያስገባ ባለአንድ አቅጣጫ መሣሪያ አለ። በሌላ በኩል የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም እዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበረው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ በትክክለኛ የይለፍ ቃል የገባን ሰው ቫይረስ ነህ የሚል ፕሮግራም የለም። የመለወጫ መሣሪያዎቹን በተመለከተ፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ፈርምዌር የማይቀበል መሣሪያ ማምረት የአምራቾቹ ግዴታ መሆን አለበት፤ ይህን በኤሌክትሪክ ኩባንያው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ከዚያ በኋላ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2016፣ ከመጀመሪያው ጥቃት አንድ ዓመት ሊሞላ ቀናት ሲቀሩ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ በኪይቭ አቅራቢያ የሚገኘው ፒቭኒችና የተባለው ባለ 330 ኪሎቮልት ጣቢያ ከመስመር ወጣ። የከተማዋ የኃይል አቅርቦት አንድ አምስተኛ ገደማ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ በስክሪን ላይ የሚሄድ ጠቋሚ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ኢሴት እና ድራጎስ የተባሉት የደኅንነት ኩባንያዎች ይፋ ያደረጉት፣ ኢንደስትሮየር የሚል ስም የተሰጠው ማልዌር የጣቢያ መሣሪያዎች የሚነጋገሩባቸውን የመገናኛ ደንቦች ራሱ ያውቅ ነበር። ትእዛዙን በቀጥታ ለመሣሪያው ይሰጣል። በ2015 ብዙ ሰዎች በእጃቸው የሠሩት ሥራ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በፕሮግራም ተጽፎ ነበር። ማልዌር ብሎ መጥራት በእውነት የሚገባው ይህኛው ጥቃት ነው።

የዩክሬን የጸጥታ አገልግሎት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሩሲያን ከሷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሩሲያ ወታደራዊ የስለላ ድርጅት ክፍል 74455 ውስጥ በሚሠሩ ስድስት መኮንኖች ላይ የመሠረተውን ክስ ይፋ አደረገ። ክሱ የ2015ቱንና የ2016ቱን የኤሌክትሪክ ጥቃቶች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ከዩክሬን ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ ያሉ ድርጅቶችን ያሽመደመደውን ኖትፔትያ የተባለ ማልዌር ይጨምራል። ሩሲያ ክሱን አትቀበልም።

ጉዳዩ በክሱ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022፣ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ከከፈተች ከሳምንታት በኋላ፣ የዩክሬን የሳይበር ምላሽ ቡድን እና ኢሴት አዲስ የኢንደስትሮየር ዓይነት በአንድ የኃይል ኩባንያ ውስጥ አገኙ። ሰርጎ መግባቱ የተፈጸመው ከፌብሩዋሪ ባልዘገየ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ኤፕሪል 8 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎችን እንዲያቋርጥ ሰዓቱ ተወስኖለት ነበር። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዲስክ የሚደመስስ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ማሽን ላይ ተነሥቶ ዱካውን እንዲያጠፋ ተዘጋጅቷል። የዩክሬን ባለሥልጣናት ጥቃቱ ዓላማውን ሳያሳካ መክሸፉን አስታውቀዋል።